ሁለት ሰልባትዮ ይዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ

ከኮንሶ ተነስቶ ወደ ወይጦ የሚወርድ መንገደኛ ሹራቡን የሚያወልቀው ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የድንጋይ እርከኖች ወደ ኋላ ይቀሩና ግራሩና የቆላው ሙቀት ይቀበሉታል። ወይጦ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቀይ አፈር በኩል ወደ ጂንካ፣ ሌላው በአርቦሬ በኩል ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ ይሄዳል። ሁለተኛውን የሚመርጥ ቤተሰብ ከስንቅና ከውሃ ቀጥሎ ስለ ነዳጅ ማሰብ አለበት። ማደያ ቢገኝ እንኳ ናፍጣ ላይኖረው ይችላል።

በጤና ጣቢያ ግቢ የምናውቀው ረጅሙ ላንድክሩዘር በዚያ አገር የሚወደደው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሰልባትዮ አላቸው። ሾፌሩ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲጫን፣ ከመኪናው ሥር ያለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ መስመሩን ከዋናው ወደ መጠባበቂያው ያዞራል። ዲዝል ሞተር የሚስበውን ናፍጣ ሁሉ አያቃጥልም፤ የተረፈውን ይመልሳል። ስለዚህ ቫልቩ መሳቢያውንም መመለሻውንም አብሮ ማዞር አለበት።

በሥራ ዘመኔ የክትባት ሣጥን ይዘን ወደ ኦሞራቴ ስንወርድ፣ አርቦሬን እንዳለፍን መኪናችን ማሳል ጀመረና ቆመ። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ በረዶው ደግሞ ሰዓቱን ይቆጥራል። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ሥር እየጠበቁን ነው። ጠቋሚው መጠባበቂያው ሙሉ መሆኑን ያሳያል።

ወጣቱ ሾፌር አልተደናገጠም። «ሲስተር፣ እኔ ከሥር ልግባ፤ እርስዎ ማብሪያውን ወዲያና ወዲህ ይበሉልኝ» አለኝ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፍቼ ተጫንኩ። ቫልቩ ሲዞር ሊሰማ የሚገባው ድምፅ የለም። ጠቋሚው ወደ መጠባበቂያው ዞሯል፤ ቫልቩ ግን ባዶ በሆነው ዋናው ላይ ቀርቷል። ሾፌሩ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን የሽቦ መሰኪያ ነቅሎ አቧራውንና ዝገቱን ጠረገና መልሶ ሰካው። ደግሜ ስጫን ቫልቩ ድምፅ ሰጠ። ባዶ ሰልባትዮ ሲሳብ መስመሩ አየር ስለሚገባው፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫነ አየሩን አስወጣ። ሞተሩ ተነሳ፤ ክትባቱም በረዶው ሳይቀልጥ ደረሰ።

እኛ ነርሶች በሽተኛን ከመንካታችን በፊት ታሪኩን እንጠይቃለን። መኪናም እንዲሁ ነው። የቆመው ማብሪያው ከተዞረ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ፊውዙን፣ መሰኪያውንና የቫልቩን ድምፅ ፈትሹ። ክዳኑ ሲከፈት አየር በኃይል ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ከተሻለው፣ የመተንፈሻው ቱቦ በጭቃ ሳይደፈን አይቀርም። ከመጠባበቂያው እየነዳችሁ ዋናው እየሞላ ከሄደ ደግሞ መመለሻው አልዞረም ማለት ነው፤ ካልተገታ ናፍጣው ሞልቶ ይፈሳል። መጠባበቂያውን አልፎ አልፎ ተጠቀሙበት፤ ለወራት ሳይዞር የቆየ ቫልቭ ይጣበቃል። ፍተሻውንም ከተማ ሳላችሁ ጨርሱት።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ከመኪናው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ናፍጣ በቱቦ ሲቀዳ ማንም በአፉ አይሳብ፤ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ ነዳጅ አታስቀምጡ፤ የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። ከጠጣም እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት። መኪናው በሚጠገንበት ጊዜ ልጆቹን ከመንገዱ ራቅ አድርጋችሁ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው፤ ውሃም ቶሎ ቶሎ ስጧቸው።

ቱርሚ ሰኞ ገበያ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ኦሞራቴ ላይ የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲጓዝ ታያላችሁ። የልጅ ልጆቻችሁ ሊያዩት የሚገባ አገር ነው፤ ሁለቱንም ሰልባትዮ ሞልታችሁ፣ ማብሪያውንም ሞክራችሁ ሂዱ።