ከፏፏቴው በመለስ

በዚህ ዓመት ከተማሪዎቻችን ጋር ወደ ጎዳ ተራሮች የአንድ ቀን ጉዞ አድርገን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከሀራሙስ ተነስተን፣ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዞረን ባንኩዋሌ ገባን። የባንኩዋሌ ዘንባባ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸለቆ ነው። ውሃ እየተሻገርን፣ ቋጥኝ እየወጣን ወደ ፏፏቴው አመራን።

ድምፁን መስማት ስንጀምር መንገድ መሪያችን፣ አንድ የአፋር አዛውንት፣ በተራራው ጫፍ ደመና መቋጠሩን አይተው ቆሙ። «እንመለስ» ማለታቸውን አንዷ ተማሪያችን ተረጎመችልን። በላያችን ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹ አኮረፉ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም መምህራኑ ከፋን።

በመንገድ ላይ ድሬዳዋን አስታወስናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ዝናቡ የወረደው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ደራሽ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው፤ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከደረሰ ደግሞ መሸሻ የለም። ከዚያ በኋላ ያኮረፈ አልነበረም።

ማታ ወላጆች በራችን ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። 31 ልጆች ይዘን ወጣን፤ 31 አስረከብን።