የሻንጣው ክብደት

በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቅራቢያ ባለች አንዲት የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማምሻውን ብዕር አነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከስፌት ፈረቃ የወጣች አንዲት ወጣት ቅጽ ልትፈርም ጎንበስ ስትል፣ «ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ ላንብብልሽ» አልኳት። ከኋላዋ የተሰለፉት አጉረመረሙ። ይህ ልማዴ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

በ2003 ዓ.ም. ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ከሰዓት በኋላ ቲኬት እሸጥ ነበር። ርካሽ አየር መንገዶች በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተስፋፉበት ዘመን ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ፍሬዲ ሌከር በመስከረም 1970 ዓ.ም. ከለንደን ኒውዮርክ በርካሽ ማብረር ሲጀምር፣ ምግቡን ከቲኬቱ ለይቶ ይሸጥ ነበር። ድርጅቱ በ1974 ዓ.ም. ቢከስርም ብልሃቱ ተረፈ፤ ወንበሩን በርካሽ መስጠት፣ ሻንጣውን፣ ምግቡን፣ የቀን ለውጡን ለየብቻ ማስከፈል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ለሥራ ወደ ዱባይ ልትሄድ ነው። «ከሁሉ የረከሰው የትኛው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሻንጣ ለብቻው እንደሚከፈልበት ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ገዢ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ አላነበብኩላቸውም። ይልቁንም ሲወጡ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

ሻንጣሽን መዘኑት፣ ኪሎውም ታወቀ፤
የናፍቆትሽ ሸክም ከሚዛኑ ላቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቲቱ ብቻቸውን ተመለሱ። ልጃቸውን እስከ ቦሌ ሸኝተው፣ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ አቋርጠው መምጣታቸው ነው። ያንኑ ሻንጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ለጥሕሎ የተፈጨው የገብስ ዱቄት፣ ራሳቸው የፈተሉት ጋቢ፣ ሁሉም እንዳለ ነበር። የሚከፍሉት ገንዘብ ስላጡ ልጅቷ ባዶ እጇን ሄዳለች።

«በሌላ መንገደኛ ልትልክልኝ ትችላለህ?» አሉኝ።

«አልችልም አደይ፤ ይቅርታ» አልኩ።

አልተቆጡም። «እህትህ ብትሆን ኖሮ ትነግራት ነበር» አሉና ሻንጣቸውን ተሸክመው ወጡ።

ዓመታት አለፉ። በጦርነቱ ምክንያት ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ለ18 ወራት ያህል መቐለ ያለ በረራና ያለ ባንክ ቆየች፤ ርካሹም ውዱም ቲኬት እኩል ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንገደኞች አውሮፕላን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ፣ ከሚጠባበቀው ሕዝብ መካከል ነበርኩ። ሰው ተቃቅፎ ያለቅሳል። የእኔ ዓይን ግን ሻንጣዎቹ ላይ ነበር።

ያቺ ደረሰኝ ዛሬም አለች። ወዳጆቼ ስንኙን ይወዱታል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያላነበብኩትን አስታውሳለሁ።

የስፌት ሠራተኛዋ የአገልግሎት ክፍያውን እስከ መጨረሻው ሰማች። «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብላ ሳትፈርም ሄደች። ከኋላዋ ያለውን ጠራሁ።