ከናይሮቢ ይዤው የመጣሁት ትምህርት



በዚህ ዓመት ለስብሰባ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አስፋልቱ ሳይሠራ በከብት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ሁለትና ሦስት ቀን የምንንከራተትበት መንገድ ዛሬ በአውቶቡስ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ስብሰባው ያለቀ ዕለት ማታ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ኦርኬስትራ ለማየት ጋበዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ኦርኬስትራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ሙዚቃው ያለቀ መስሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ቫዮሊን የሚጫወቱት ብዙ ነበሩ፤ ዓይኔ ያረፈው ግን ከኋላ በቆመ አንድ ወጣት ላይ ነው። ሦስት ማዕዘን ያላት ትንሽ የብረት መሣሪያ ይዞ ለረጅም ጊዜ አንዴም አልመታም። ቢሆንም አልተዘናጋም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረ ነበር። ተራው ሲደርስ አንድ ጊዜ መታ። ያ ሁሉ መሣሪያ እየተጫወተ ድምፁ እኔ ዘንድ ጥርት ብሎ ደረሰ።

ያን ጊዜ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ትዝ አለኝ። በእርሳስ ዴስክ እየመታ ክፍል ይረብሻል ተብሎ ቢሮዬ ሲመጣ እርሳሶቹን ነጥቄ ወላጅ እንዲያመጣ አዘዝኩት። ምን እንደሚመታ ግን አልጠየቅኩትም። የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለፈተና ዝግጅት የሰጠሁትም እኔው ነበርኩ።

ኦርኬስትራ የሀብታም ልጆች ነገር ይመስለን ይሆናል። በናይሮቢ ኮሮጎቾ፣ ከዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ኤልዛቤት ንጆሮጌ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመሩት «ጌቶ ክላሲክስ» የሠፈሩ ልጆች ቫዮሊንና ትራምፔት ይማራሉ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አድርገዋቸዋል። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። እነዚያ ልጆች ቤተሰብም አገርም ያጡ ነበሩ፤ የሚሰማቸው ሰው ግን አገኙ።

ከናይሮቢ እንደተመለስኩ ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን ይመታ እንደነበርም ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ አያቴ ሠርግ ላይ የምትመታውን ነው» አለኝ።

ዴስኬ ላይ እንዲያሰማኝ ፈቀድኩለት። ጸሐፊዋ ምን ተፈጠረ ብላ በሩን ከፈተች።

በሚመጣው ዓመት ዓርብ ከሰዓት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ይመለሳል። ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ ያለ ሥራ የተቀመጠ ከበሮ፣ ክራር ወይም ጊታር ካለ ብታውሱን እናመሰግናለን። ልጆቼ፣ እናንተም ተራችሁ እስኪደርስ ቁጠሩ፤ እኛ ደግሞ መስማት እንማራለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!

ርዕሰ መምህራችሁ