የቀበና ጎርፍ

በስድስት ዓመቴ የቀበና ወንዝ ሊወስደኝ ነበር። ደፍራሹ ጎርፍ፣ የሴቶች ጩኸት፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ክንድ ሽቅብ ስትዘረጋ፤ ሁሉም ዛሬም ይታየኛል። የሚታየኝ ግን ከወንዙ ዳር ሆኜ ነው። ሰጣሚው እኔ ከሆንሁ፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ማን ነበር?

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ በሕፃንነቱ ፓሪስ ውስጥ ሊሰርቀው የሞከረውን ሰው፣ ስትታገል የተቧጨረውን የሞግዚቱን ፊት ሳይቀር፣ ቁልጭ አድርጎ ያስታውስ ነበር። ዕድሜው 15 ገደማ ሲሆን ግን ሞግዚቲቱ ታሪኩን ፈጥራው እንደነበር ተናዘዘች፤ የተሸለመችውንም ሰዓት መለሰች። ልጁ ሲተረክ የሰማውን እንዳየው ቆጥሮ ኖሯል።

የእኔም እንዲሁ ይሆን ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

«አንተ መች ገባህና? ጎርፉ የወሰደው ወንድምህን ነው። አጎትህ ባይደርስለት አልቆለት ነበር። አንተማ ዳር ቆመህ ስትጮህ ነበር» አለችኝ።

ያየሁት ልክ ነበር ማለት ነው፤ የተሳሳትሁት ባለቤቱን ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብርን ግድያ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ቃል «የሕፃን ትዝታ ነው» ተብሎ ሲጣጣል፣ በዚህ ገጽ ደጋግሜ ተሟግቻለሁ። አቋሜን አልለወጥሁም። ሆኖም ከእንግዲህ ምን እንዳዩ ብቻ ሳይሆን የት ቆመው እንዳዩ፣ ከማንስ እንደሰሙ እጠይቃለሁ።

ወንድሜ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ስለዚያ ቀን አንዳች አያስታውስም።