ጆሮ ጠቢው

አባዬ፣

በጤናህ መጀመር ነበረብኝ። ግን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ደህና ባልሆንክበት ቀንም የምትለው እሱኑ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ትናንት ከባልቲሞር የልብ ክሊኒክህ ነርስ ደወለችልኝ። ኮመዲኖህ ላይ ያለው፣ የልብ ማሽንህን የሚከታተለው ሳጥን ዝም ካለ 19 ቀን ሆኖታል አለች። ለአንተም ሁለት ጊዜ ደውላ አላነሳህላትም። ሶኬቱን ነቅለኸዋል፣ አይደል?

«ጆሮ ጠቢው» የሚል ስም ያወጣህለት ከፋሲካ በኋላ ነው። በፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆመህ ሳለ፣ የልብህ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ እንዲመልሰው ደረትህ ውስጥ የተተከለው ማሽን መታህ። የበቅሎ እርግጫ ይመስላል ብለኸኛል። ምሰሶ ተደግፈህ እስኪያልፍልህ ጠበቅህ፣ ለማንም ሳትናገር ቤትህ ገባህ፣ ዶሮህን ቀምሰህ ተኛህ። ሰኞ ጠዋት ነርሷ ደውላ «እሁድ ሌሊት በ8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ» (እሷ ያለችው በእነሱ ሰዓት ነው፣ እኔ በእኛ ልቁጠርልህ) «ምን ተሰማዎት?» ስትልህ ክው አልክ። ከዚያማ ስትጠይቅህ በጾሙ ጊዜ የጠዋት ክኒንህን እየዘለልክ መክረምህም ወጣ። በደርግ ዘመን ጎረቤት ያሳበቀበት ሰው ሌላ ምን ስም ሊያወጣለት ኖሯል? አልፈርድብህም።

ግን ሳጥኑ ጆሮ የለውም፤ ማንን እንዳማህ፣ ማን ቤትህ መጥቶ ቡና እንደጠጣ አያውቅም። ሌሊት ስትተኛ ማሽኑ የመዘገበውን በሬዲዮ ሞገድ ለሳጥኑ ያቀብላል፣ ሳጥኑ ደግሞ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ክሊኒኩ ይልካል። የሚላከው የልብህ ምት፣ የባትሪው ጉልበትና ከማሽኑ ወደ ልብህ የወረደው ሽቦ ሁኔታ ነው። ሽቦውን ቀላል አድርገህ አትየው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜድትሮኒክ አንድ ዓይነት ሽቦውን ከገበያ የሰበሰበው እየተሰበረ ስላስቸገረ ነው። የተሰበረ ሽቦ ይንኮሻኮሻል፤ ማሽኑ ያንን የልብ መፍጠን መስሎት፣ ምንም ያልሆነውን ሰው ደጋግሞ ይመታዋል። አንዱ እርግጫ ያን ያህል ካስደነገጠህ፣ በከንቱ ደጋግሞ ቢመጣስ? ሳጥኑ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ሊናገር ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ 1,339 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አለ። የልብ ምት መዛባት ሲነሳ፣ በሳጥን ክትትል የሚደረግላቸው ሰዎች ጉዳይ ሐኪም እጅ የደረሰው ባብዛኛው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። በቀጠሮ ብቻ የሚሄዱት ላይ ግን 36 ቀን ገደማ ወስዷል። የአንተ የፋሲካ ነገርም በአንድ ቀን ነው የታወቀው፤ እሁድ ባይሆን ኖሮ ከዚያም በፈጠነ ነበር።

«ከሩቅ ሆኖ ልቤን የሚነካካ ሰው ቢኖርስ?» ብለኸኝ ነበር። ብቻህን አይደለህም። ዲክ ቼኒ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳሉ ሐኪማቸው በዚሁ ስጋት የማሽናቸውን ሽቦ አልባ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2007 አዘግቶታል። ያንተ ሳጥን ግን የሚያነብ እንጂ የሚያዝዝ አይደለም፤ ማሽኑን ለማስተካከል አንተው ሄደህ ነርሷ ፊት መቀመጥ አለብህ። ደግሞ፣ አባዬ፣ ቼኒ ጠላት ነበራቸው፤ የአንተ ጠላት ዳማ ላይ የምታሸንፋቸው አቶ እከሌ ብቻ ናቸው።

አሁን የጠረጠርኩትን ልንገርህ። ጆሮ ጠቢ ያልከው ለሰበብ ይመስለኛል። ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት በየሦስት ወሩ ባልቲሞር እንሄድ ነበር። አዲሱን ሸሚዝህን ትለብሳለህ፣ ነርሷን በእንግሊዝኛህ ታስቃታለህ፤ ከዚያ ወደቡ ዳር ቆመን መርከብ እናያለን፣ አንተም ስለ ምጽዋ ታወራኛለህ። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ ስለ ሚሼል ሚሮውስኪ ያነበብኩልህን ታስታውሳለህ? ዋርሶ ተወልዶ እስራኤል የሠራው ሐኪም፤ አለቃው ሐሪ ሄለር እ.ኤ.አ. በ1966 በልብ ምት መዛባት ሲሞትበት፣ ከሰው ጋር አብሮ የሚዞር አዳኝ ማሽን ካልሠራሁ ብሎ የተነሣው። ባልቲሞር መጥቶ፣ ከሞርተን ማወር ጋር ስንት ዓመት ሲለፉ ኖረው፣ የመጀመሪያው ማሽን እዚያው ጆንስ ሆፕኪንስ ሰው ሆድ ውስጥ ገባ። ቀኑን ወዲያው በእኛ ቆጠርከው፤ ጥር 26 ቀን 1972። «እኔ እኮ ያን ዓመት መሠረተ ትምህርት ዘምቼ ፊደል አስቆጥር ነበር» ብለህ፣ ክፍሉ ሙሉ ዞሮ እስኪያይህ ሳቅህ።

ሳጥኑ ሲመጣ ግን «ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ይበቃዎታል» አሉህ። እነሱ ምሥራች መስሏቸው ነው። እኔም ሲያትል ገባሁ፤ ማሽኑ አለ ብዬ፣ በየቀኑ መደወሌ ቀርቶ በየእሁዱ ሆነ። ሳጥኑ ዝም ካለ ነርሷ «እስቲ ይምጡ» ትልህ ይሆን ብለህ ነው የነቀልከው? እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኔም ነው።

አሁን የምልህን ስማኝ። ሳጥኑን አልጋህ አጠገብ መልሰህ ሰካው፤ ሳሎን ወስደህ ቴሌቪዥን ሥር አትሸጉጠው፣ ሩቅ ነው። ሌት ተቀን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ግን የለም፤ አዳኝህ ደረትህ ውስጥ ያለው ነው እንጂ ሳጥኑ አይደለም። አንዴ መትቶህ ደህና ከሆንክ በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ደውል። ሁለቴ ከመታህ፣ ወይም ካዞረህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ካመመህ 911 ነው፤ ለእኔ ቀድመህ እንዳትደውል። ክኒኑን የምትዘለው ስለ ጾም ብለህ ከሆነ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ ፈቅደውልህ ታገኛቸዋለህ።

ለገና ትኬት ቆርጫለሁ። የሐኪም ቀጠሮ ሳይኖረን ባልቲሞር እንሄዳለን፤ ሸሚዙን አስተኩሰህ ጠብቀኝ። እስከዚያ ማታ ማታ እደውላለሁ፣ ስለ ልብህ ላልጠይቅህም እችላለሁ። ዛሬ ግን ሰክተኸው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደውልልኝ፤ እዚህ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆንን መሸ ብለህ አትተው።

ልጅህ