የ17 ቁልፍ ዕዳ

ትናንት ማታ በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። ከዓመታት በፊት አውቶ መካኒክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። «ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? ለረዳቴ ኮምቢኔሽን ቁልፍ ልገዛለት ነበር። የቱ ብራንድ ይሻላል?» ይላል።

(ሙያችን ላልሆናችሁ ወዳጆቼ፦ ቁልፍ ስል የበሩን አይደለም። አንድ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ጫፉ ቀለበት የሆነውን የብሎን መፍቻ ነው።)

ጥያቄው ቀላል ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ይኼው ልጅ ተማሪ እያለ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር።

ያኔ ምን ብዬ እንደመለስኩለት አልረሳውም። «ቁልፍ ያው ቁልፍ ነው፤ ዋናው እጅህ ነው» አልኩት። የቤተሰቡን ኑሮ ስለማውቅ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። አምኖኝ መርካቶ ሄደና እጅግ ርካሹን ሙሉ ስብስብ ገዛ። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። አንድ ቀን በተግባር ልምምድ ላይ የኮሮላ የፊት ፍሬን ካሊፐር ሊፈታ በክፍቱ አፍ ይዞ ሲገፋ፣ የ17ቱ አፍ ተከፈተና ከብሎኑ ላይ አመለጠ። የጣቶቹ አንጓ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ተሰፋ፣ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ የዛሬውን መልሴን እዚሁ ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁም ትጠይቁኛላችሁና።

መጀመሪያ አፉን እዩ። አፉ በልኩ የተሠራ ቁልፍ የብሎኑን ጎን ይይዛል። ትንሽ ከሰፋ ግን የሚገፋው ጠርዙን ብቻ ነው፤ ጠርዙ ይበላና ብሎኑ ክብ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካኑ ስናፕ ኦን ቀለበቱን የሚሠራው ጉልበቱ ከጠርዙ ፈንጠር ብሎ ጎኑ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ ማመን ዋጋ የለውም፤ ጽሑፍ ማንም ይጽፋል። ሱቅ ስትሄዱ ያልተበላ ብሎን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። አስገቡና ወዝውዙት። ከተንቀጫቀጨ መልሱለት።

ቀጥሎ እጀታው። ምቾት ቅንጦት አይደለም እኮ! ቀኑን ሙሉ ለሚፈታ ሰው፣ ጠርዙ የሚቆርጥ እጀታ ማታ እንጀራ እንኳ አያስቆርስም። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ያምራል፤ ዘይት በነካው እጅ ግን ደብዘዝ ያለው ይሻላል። ወፍራም ሁሉ ጠንካራ አይደለም፤ የጀርመኑን ሽታልቪለ ብታዩ እጀታው መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ጠባብ ቦታ ይገባል። ሀዜትና ገዶሬ ሁለቱም ሬምሻይድ ከምትባል የጀርመን ከተማ የወጡ ናቸው፤ እጅ ላይ ሞላ ይላሉ። የእኔ 17 ገዶሬ ነው። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት መሃል ነው ያገኘሁት። ክሮሙ ቦታ ቦታው ተልጧል፣ አፉ ግን አዲስ ብሎን ላይ ዛሬም አይንቀጫቀጭም። እነዚህ ዋጋቸው ከበደን የምትሉ ደግሞ የታይዋኑን ኪንግ ቶኒ እዩ፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

ሙሉ ስብስብም አትግዙ። የምንሠራው አብዛኛው ቶዮታ ነው፤ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ብዙውን ሥራ ይጨርሳሉ። የአውሮፓ መኪና የሚበዛበት ጋራዥ 13 ይጨምር። አራት ጥሩ ቁልፍ ከሃያ መናኛ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ያን ቀን ጥፋቱ የቁልፉ ብቻ አልነበረም። የጠበቀ ብሎን መጀመሪያ በቀለበቱ ነው የሚላቀቀው፤ ክፍቱ አፍ ከላላ በኋላ ቶሎ ቶሎ ለማዞር ነው። ቁልፍ ደግሞ ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም። የግድ መግፋት ካለብህ መዳፍህን ከፍተህ ግፋ፤ ቢያመልጥ አንጓህ ይተርፋል። ይህን አጥብቄ ማስተማር የጀመርኩት እሱ ከተሰፋ በኋላ ነው። «ዋናው እጅህ ነው» ያልኩት ሰውዬ፣ እጁን እንዴት እንደሚጠብቅ አልነገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «10፣ 12 እና 14 ግዛለት። 17ቱን አትግዛ፤ የእኔን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።»

«ኧረ ቲቸር፣ እርስዎስ በምን ይሠራሉ?» አለኝ።

እኔ አሁን የምፈታው የልጆቼን ብስክሌት ነው፤ ለእሱ 15 ይበቃኛል።

እስኪ እናንተም ንገሩኝ፦ በመጀመሪያ ደመወዛችሁ የገዛችሁት ቁልፍ ዛሬ የት ነው ያለው?