ጎንደር ደርሶ መመለስ

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ሰኞ ነበር የዋለው። ቅዳሜ አለ፣ እሑድ ከተራ ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ቃና ዘገሊላ፣ ያውም ሚካኤል፤ ማን ይሠራል? መተማ ዮሐንስ የሚያስተምር አንድ መምህርና ባለቤቱ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገኙ። በአንድ ፌስታል ከርከዴ፣ በሌላው የዓመቱ ሰሊጥ። አዘዞ ላሉት ለሴት አያቷ መሆኑ ነው።

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገንዳ ውሃን አልፈው አይከል ላይ ቁርስ በሉ፤ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እናት ለልጇ ሹራብ አወጣችላት። ምሳቸውን እማማ ቤት ነበር የበሉት። ከሰዓት በኋላ መምህሩ ፎቶ ኮፒውን አስነሳ፣ የተበላሸ ስልኩን ፒያሳ አሠራ። ባለቤቱ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በርበሬና የልጅ ጫማ ገዛች። ሰኞ ፋሲል መዋኛ ሄዱ። ዩኔስኮ ጥምቀትን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚያው ዓመት ስለነበር ሕዝቡ ከወትሮው በዛ፤ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው የሞተውም ያን ዕለት ነው። እነሱ ከአጥሩ ውጭ ርቀው ቆመው ስለነበር የሰሙት ማታ እማማ ቤት ሬዲዮ ሲከፈት ነው። ረቡዕ መምህሩ ክፍል ገባ።

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር ለማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጭልጋና በመተማ መስመር ስንት ሰው እንዳለቀ፣ አስፋልቱም እንደተዘጋ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ግን ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሲከፈት ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይሳፈራል።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ ጥምቀት እንደገና ሰኞ ዋለ። ያው አራት ቀን። ልጅቷ አሁን 12 ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ የትም አልሄደም።

ለመሄድ ምክንያት ጠፍቶ አይደለም። ልጅቷ ሰሌዳ አይታያትም። መጀመሪያ አስተማሪዋ ሰነፈች አለ፤ ከዚያ ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር እንደምትገለብጥ ተደረሰባት። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ዓይኗ ተለክቶ መነጽር ያስፈልጋታል፣ ጎንደር ውሰዷት ተባሉ። የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። በ2012 ቢሆን ከጫማውና ከበርበሬው ጋር አብሮ የሚያልቅ።

አሁን ግን መምህሩ መንገዱን የሚያሰላው በኪሎ ሜትር አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ውጊያው ሲጋል ሲበርድ ከርሟል፤ በዚያ ላይ እገታው። ማስለቀቂያ ስንት እንደሚጠየቅ፣ የመምህር ደመወዝ ስንት ዓመት ተጠራቅሞ እንደሚሞላው አስልቶታል። ሚስቱ በበኩሏ ያሰላችው ሌላ ነው፤ ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፣ ሴት ናት።

መተማ ድሮ በሁለት ከተማ መካከል ነበረች። ወደ ላይ ጎንደር፣ ድልድዩን ተሻግሮ ከገላባት ወዲያ ገዳሪፍ። ዓርብና ቅዳሜ የሱዳን ዕረፍት ስለሆነ ከዚያ ማዶ ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ሆቴሎቹን ይሞላ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር ያም በር ሌላ መልክ ያዘ፤ በድልድዩ የሚመጣው ፍራሽ የተሸከመ ስደተኛ ሆነ። ኩመርና አውላላ መጠለያ የገቡት ሱዳናውያን እንኳ ዘረፋው ሲበዛባቸው በ2016 ሚያዝያ ላይ ብዙዎቹ ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፍረዋል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ያልተኛበትን አገር የመተማ ሰው እንዴት አምኖ ልጁን ያሳፍር?

ስለዚህ መስመር ዜና የሚሆነው የታገተውና የሞተው ነው። ተገቢም ነው። ያልተሳፈረው ግን በየትኛውም ሪፖርት የለም። ቤቱ ደህና ውሎ አድሯል፤ ማንም አልነካውም። ቀጠሮ ያለፈበት በሽተኛ፣ ልቅሶ ያልደረሰ ወንድም፣ አያቷን ስድስት ዓመት በስልክ ብቻ የምታውቅ ልጅ አንድ ላይ ቢደመሩ ስንት እንደሚሆኑ የጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካለ፣ እስካሁን የመምህሩን በር አላንኳኳም።

ከጥምቀቱ በፊት በነበረው ሳምንት እማማ ደውለው ነበር።

«ትመጣላችሁ እንዴ?»

«መንገዱን እያየን ነው እማማ» አለች ልጃቸው።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ አትምጡ። እኔ ልኬ አደርገዋለሁ።»

ላኩም። ቅዳሜ ገበያ ካንዱ ሱቅ ሦስት መነጽር ገዝተው፣ ከሦስቱ አንዱ አይጠፋትም ብለው፣ ለሚያውቁት የጭነት መኪና ሹፌር ሰጡት። ሹፌሩ እጀባ ሲጠብቅ ቆይቶ እሑድ ማታ መተማ ገባ። ልጅቷ ሦስቱንም እያፈራረቀች አደረገች፣ በመስኮት በኩል አሻግራ የሱቁን ታፔላ አየች። ሦስቱም የሽማግሌ መነጽሮች ናቸው፤ ለቅርብ እንጂ ለሩቅ አይሆኑም። ሩቁን ጭራሽ አደበዘዙት።

ሰኞ ታቦቱ ከገባ በኋላ እማማ ደወሉ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ ታየሽ?»

«ታየኝ እማማ።»